ሐጀራ ማሩ ውስጥ የጨመረችው

በርበሬ በረንዳ አካባቢ የሚውል ሰው የሌላውን ሳል አይሰማም። ወፍጮው ሲያጓራ፣ ጆንያው ሲራገፍ፣ ተሸካሚው ዛላ በርበሬውን ጫንቃው ላይ ሲያወጣ ሁሉም ያስላል፣ ያስነጥሳል፣ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። መደቧን እዚያው የዘረጋችው ሐጀራ የባሏን ሳል ሰምታ እንዳልሰማች ያለፈችው ለዚህ ነው። ቤት ገብቶ ሲያስል «ዛሬ ደግሞ በእኔ በኩል ነው እንዴ የመጣኸው?» ትለዋለች። እሱም «በአንቺ በኩል» ይላታል፤ በዚያው ያልቃል።

ባሏ ኢስሐቅ ግን የሚውለው ምን አለሽ ተራ ነበር። አሮጌ በርሜል እየቀደደ የከሰል ምድጃ ይሠራል። ክንዱ ብርቱ፣ ምላሱም የማይተናነስ ሰው ነው፤ ስንት ዘመን አብረው ሲኖሩ በሚስቱ ሥራ ከማፌዝ በቀር ስለ እሱ በቁም ነገር ተናግሮ አያውቅም። በመደቧ በኩል ባለፈ ቁጥር «ቅጠልሽን ሰብስቢ፣ ፍየል መጣ!» ይላል ጮክ ብሎ። ደንበኞቿ ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች።

ሐጀራ የባህል መድኃኒት ሻጭ ናት። ከስልጤ ለኢስሐቅ ተድራ ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች። አማቷ ጎናቸው አስቀምጠው ቅጠሉን ከቅጠል፣ ሥሩን ከሥር አስለዩዋት፤ እሳቸው ሲያልፉ ቦታውም ደንበኛውም ለእሷ ቀረ። ከቅመም ሱቆቹ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ላይ ጥቁር አዝሙድ፣ ጦስኝ፣ ካርካዴ፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ዳማከሴና እንቆቆ በየጣሳውና በየላስቲኩ ዘርግታ ትቀመጣለች። ለሆድም፣ ለምችም፣ ለኮሶም የሚመጣ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የሚበዛው ለግፊትና ለልብ የሚመጣው ነው። «ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል»፣ «ጭንቅላቴን ወጥሮ ይይዘኛል»፣ «ደረቴን ያፍነኛል» ይሏታል። እሷም አማቷ ሲሉት የኖረውን ትላለች። ጦስኙን እንደ ሻይ አፍልተህ ጠጣ፣ ግፊቱን ያወርድልሃል። ጥቁር አዝሙዱን ከማር ለውሰህ በባዶ ሆድ ቅመስ፣ ልብ ያጠነክራል።

አንዳንዱ ተመልሶ መጥቶ ይመርቃታል። አንዳንዱ በዚያው ይቀራል። የቀረ ደንበኛ ድኗል ማለት ነው ብላ ነበር የምታስበው። ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ጠፍቷት አይደለም፤ ማሰቡ ምንም ስለማይጠቅማት እንጂ።

አንድ ቀን ኢስሐቅ ከምን አለሽ ተራ ወደ ቤት ሲመጣ አቀበቱ ላይ ተቀመጠ። ሰዎች በታክሲ አመጡት። ጫማው አልወልቅ ብሎ ልጃቸው ረሂማ በመቀስ ቀደደችው፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉድና እንደተሰረጎደ ይቀራል። ለካ ሰውየው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ትራስ ደራርቦ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚተኛው። ሐጀራ አጠገቡ ተኝታ ይህን አላየችም። አይታለች፤ ግን ወገቡን ያመዋል ብላ ነበር።

ሆስፒታል ያየችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የልቡን ምስል በስክሪኑ ላይ እያሳየች ለሐጀራ በቀስታ አስረዳቻት።

«የአባባ ልብ ሰፍቷል፣ ደክሟል። ደሙን እንደ ድሮው መግፋት አቅቶታል። ውኃው ሳንባቸውና እግራቸው ላይ የሚጠራቀመው ለዚህ ነው። እነዚህ ኪኒኖች ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው፤ ተሽሎኛል ብለው እንዳያቋርጡ። ከባድ ሥራ የለም። ጨውም ይቀንሱ።»

ሐጀራ ሻሿን አጠበቀች። «ልጄ፣ እኔ የባህል መድኃኒት ነው የምሸጠው። ጥቁር አዝሙድ ብሰጠው...»

«ምግባቸው ላይ ትንሽ ጣል ቢያደርጉ አልከለክልዎትም። በኪኒኑ ፈንታ ግን እንዳይሆን። ሌላውን ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ሳይነግሩን አይስጧቸው፤ ከኪኒኑ ጋር የማይስማማ ይኖራል።» ሐኪሟ ይህን ያለችው ሳትቆጣ፣ ሳትንቅም ነው። ብትቆጣት ለሐጀራ ይሻላት ነበር፤ የምትከራከርበት ታገኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ያሰበችው ስለ አንዲት ዳቦ ሻጭ ነው። እግሯ እንዲሁ የሚያብጥ ሴት ነበረች፤ ጥቁር አዝሙዱን እየወሰደች፣ እያመሰገነች ከርማ አንድ ሰሞን ቀረች። ስሟን እንኳ አታውቀውም።

ኢስሐቅ ኪኒኑን ጥቂት ጊዜ ዋጠ። እብጠቱ ጎደለ፤ ግን ሽንቱ መላ አሳጣው። ብድግ ሲል ያዞረዋል። ጓደኞቹን ልይ ብሎ ምን አለሽ ተራ በወረደበት ቀን ሽንት ቤት ሳይደርስ አመለጠውና ጎረምሶቹ አዩት። በማግስቱ የኪኒኑን ላስቲክ ቋጥሮ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወረው።

«በቃኝ። የአንቺን ስጪኝ።»

ሐጀራ የሚቀልድ መሰላት። «የቱን የእኔን?»

«ለሰው የምትሰጪውን። ለልብ የምትይውን። እናቴ ትሰጠው የነበረውን።»

«የፍየል ቅጠል ነው አላልክም እንዴ?»

«ስቄ ነበር። ሳቅ ነው። አሁን ታመምኩ።» ዓይኖቹ የፈራ ሰው ዓይኖች ነበሩ። ሐጀራ ይህን ዓይን ታውቀዋለች፤ መደቧ ፊት የሚቆሙት ሰዎች ዓይን ነው። ኢስሐቅ ላይ አይታው አታውቅም።

«ኢስሐቅ፣ ስማኝ። የእኔ ዕቃ ደረት ያሞቃል፣ ትንሽ ያረጋጋል። ያንተ ሌላ ነው። እግሩ አብጦ የመጣ ሰው በእኔ ቅጠል ሲድን አላየሁም።»

«ታዲያ ለምን ሸጥሽላቸው?»

ሐጀራ ዓይኗን ቁም ሳጥኑ ላይ ወዳለው ላስቲክ መለሰች።

«ለባዕድ የምትሸጪውን ለባልሽ ትከለክያለሽ?» አለ ኢስሐቅ። ይህን ሲል እንኳ በመሃል ትንፋሽ ለመውሰድ ቆሟል።

ለመነችው፤ ረሂማም አለቀሰችበት፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም መጡ። ፍንክች አላለም። ጭራሽ አንድ ቀን ከሐጀራ መደብ ማዶ ካለችው ሻጭ ጥቁር አዝሙድና ምን እንደሆነ ያልታወቀ የተፈጨ ሥር ገዝቶ ገባ። ሐጀራ ሥሩን አሸተተችው፤ አላወቀችውም። ያን ቀን ቆረጠች። የማታውቀውን ከሚውጥ የምታውቀውን ትሰጠዋለች።

የሐኪሟን ወረቀት ይዛ ፋርማሲ ሄዳ እነዚያኑ ኪኒኖች ገዛች፤ ቢደቁ ጉዳት እንዳላቸውም ጠየቀች። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ አንድ በአንድ አይቶ «እነዚህ ችግር የለባቸውም» አላት። ትንሿን ሙቀጫ ከመደቧ ወደ ቤት ወሰደች። ጠዋት ኢስሐቅ ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ ኪኒኑን ትወቅጣለች፤ ዱቄቱን ከጥቁር አዝሙዱና ከማሩ ጋር ማንኪያው ላይ ታማስለዋለች። እሱ ቢስሚላህ ብሎ አፉን ይከፍትላታል።

«ይመራል» አላት የመጀመሪያ ቀን።

«ጥቁር አዝሙድ መቼ ጣፍጦ ያውቃል?»

ዋጠው። ሐጀራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ማንኪያውን አጠበች። አላህ ይቅር ይበለኝ አለች በልቧ፤ ይቅር የሚባል መሆኑን ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ረሂማ ስትሰማ እናቷን አቀፈቻት። «እማዬ፣ እንዳትነግሪው። ብቻ ይዳን።»

ሰውየው ዳነ። ቢያንስ የዳነ መሰለ። እብጠቱ ወረደ፣ ጋደም ብሎ ተኛ፣ ፊቱ ደም ያዘ። ሽንቱ አሁንም ይበዛል፤ ግን «ቅጠሉ ውኃውን እያወጣው ነው» እያለ በደስታ ይነሳል። ያው ሽንት ነው፤ የሐኪም ሲሆን አዋረደው፣ የሚስቱ ሲሆን አዳነው። መዶሻ መያዝ ስለተከለከለ ከረፋዱ ጀምሮ ሐጀራ ጎን በርጩማ አስጠግቶ መቀመጥ ጀመረ። መቀመጡ ባልከፋ፤ ማውራቱ እንጂ።

«ለልብ ነው? ና፣ እኔን እየኝ!» ይላል አላፊውን ጠርቶ። ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ቅልጥሙን ያሳያል። «ይህ እግር ጫማ ተቀዶለት የወለቀ እግር ነው። ሆስፒታል ዕድሜ ልክህን ዋጥ አሉኝ። ጣልኩላቸው! የዳንኩት በሚስቴ እጅ ነው።»

ሰው ቆሞ ያዳምጣል። ሐጀራ እግሩን በእግሯ ትነካዋለች፤ ልብ አይላትም። ደንበኛው ጎንበስ ሲል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሐኪምህን እንዳታቋርጥ፣ ይሄ ከዚያ ጋር ነው» ትላለች። ሰውየው ግን የሚያየው የኢስሐቅን እግር ነው። እንደዚያ ሰሞን ሸጣ አታውቅም፤ እንደዚያ ሰሞን እህል አልወርድ ብሏት አያውቅም። እውነቱን ብትናገር ባሏ ማንኪያውን ይገፋና ይሞታል። ዝም ብትል እሱን እያዩ ስንቶች ላስቲካቸውን ቁም ሳጥን ላይ እንደሚወረውሩ አታውቅም።

ከእነዚያ አንዱን ግን አወቀችው። ጋሽ ምንይሉ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ከመስጊዱ ማዶ ክርና የልብስ ቁልፍ ይሸጣሉ። ከኢስሐቅ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ፣ በዓል በመጣ ቁጥር የሚጠያየቁ ሰው ናቸው። የደም ግፊት ኪኒን ሲውጡ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ረፋድ መጥተው መደቡ ፊት ቆሙ።

«ሐጀራ፣ ለኢስሐቅ የሰጠሽውን ስጪኝ። ሰለቸኝ ይሄ ኪኒን፤ አፌን ያደርቀዋል፣ ጉልበቴን ይወስደዋል።»

«ጋሼ፣ ለእርስዎ አይሆንም። የእርስዎ ግፊት ነው።»

«ልብና ግፊት ጎረቤት አይደሉም?»

«ኪኒኑን ካላቋረጡ ጦስኝ እሰጥዎታለሁ። ለሻይ።»

ጋሽ ምንይሉ ሳቁ። «ዕቃውን የሚያጥላላ ነጋዴ ዛሬ ገና አየሁ! ኢስሐቅ፣ ሚስትህ ምን ሆና ነው?»

«ትፈራለች» አለ ኢስሐቅ፤ ጥቁር አዝሙዱን ራሱ በላስቲክ እየቋጠረ። «እኔንም እንዲህ ስትከለክለኝ ነበር።»

ሐጀራን ያን ቀን ሥራ አልያዝ አላት። ከሰዓት መደቧን ለኢስሐቅ ትታ ጋሽ ምንይሉ ሱቅ ሄደች። ሁለት ልብስ ሰፊዎች ቁልፍ እየመረጡ ነበር፤ እስኪወጡ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ «ጋሼ፣ ኢስሐቅ ኪኒን ይወስዳል። ቅጠሉ ብቻ አይደለም ያዳነው» አለቻቸው። ከዚህ በላይ መሄድ አልቻለችም። አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ጋሽ ምንይሉ ተጠራጥረው አዩዋት። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ ከሴቷ ጋር አልተከራከሩም። በማግስቱ ግን መጥተው ኢስሐቅን ጠየቁት፤ ሐጀራ ፊት።

«እውነቱን ንገረኝ። የሆስፒታሉን ትወስዳለህ አትወስድም?»

ኢስሐቅ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ወላሂ! ከጣልኩት ቀን ጀምሮ አንዲት ፍሬ በአፌ አልዞረችም።»

ጋሽ ምንይሉ ወደ ሐጀራ ዞር አሉ። ሐጀራ አንገቷን ደፍታ የሽፈራው ቅጠል መልቀም ያዘች። ባሏ በአላህ ስም የማለው እውነቱን ነው፤ የሚያውቀውን እውነት። ሐሰቱ የእሷ ነው። እሷ ደግሞ ያን ሰዓት ሰው በተሰበሰበበት አፏን ከፍታ «የለም፣ ይውጣል፣ እኔ ነኝ የማበላው» ማለት ነበረባት። ቅጠሉን ለቀመች።

ጋሽ ምንይሉ ኪኒናቸውን ከተዉ ብዙም ሳይቆይ የወደቁት ሱቃቸው ውስጥ ነው። የክር ካርቶን ለማውረድ እንደተንጠራሩ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ግራ ጎናቸው እንቢ ብሏል፤ አፋቸው ተጣሟል፤ ከ«እ... እ...» በቀር ቃል አይወጣቸውም። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ።

ሐጀራና ኢስሐቅ ሄደው ጠየቁ። ኢስሐቅ አልጋው ራስጌ ቆሞ የበሽተኛውን እጅ ይዞ «አይዞህ፣ ይሄ ያልፋል፤ አላህ ያውቃል» እያለ አለቀሰ። ሐጀራ በሩ ጋ ቆማ ቀረች። የጋሽ ምንይሉ ዓይን ደህና ነው፤ ያያል። እሷን ያያት መሰላት።

ከዚያ በኋላ በመጣው አርብ፣ ወንዶቹ ለጁምዓ አንዋር መስጊድ ሄደው፣ መንገዱ በሰጋጅ ተሞልቶ ገበያው ጸጥ ባለበት ሰዓት የጋሽ ምንይሉ ሚስት እቴቴ መጣች። ነጠላዋን ተከናንባለች። ሐጀራ ልትጮኽብኝ ነው የመጣችው ብላ ተነሳች። እቴቴ ግን ቦርሳዋን ከፈተች።

«ያን የምትሰጪውን ጨምሪልኝ፤ አልቆብናል። ምናልባት አነስ አድርጎ ወስዶ ይሆናል። ሳይወድቅ በፊት፣ ሲጀምረው ተሽሎት ነበር።»

«እቴቴ...»

«በደንብ አድርገሽ ቀምሚልኝ። የኢስሐቅን ዓይነት።»

ያኔ ሐጀራ ነገረቻት። ሙቀጫውን፣ ማንኪያውን፣ ማሩን፣ ሁሉንም። ድምፅዋ እንደሌላ ሰው ድምፅ ከሩቅ ይሰማት ነበር። ስትጨርስ እቴቴ የበርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ዘጋች።

«ሱቅ ድረስ መጥተሽ ነበር አይደል? ነግሮኛል። ለባሏ ብቻ ልታስቀረው ነው እንዴ ብሎ ሲስቅ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ለምን አልጨረስሽውም ሐጀራ? እዚያ ድረስ ከመጣሽ ለምን አልጨረስሽውም?»

«ኢስሐቅ እንዳይተወው ፈርቼ።»

እቴቴ ራሷን ነቀነቀች፤ የገባት ይመስላል። መግባቱ አላጽናናትም። «እኔም ብሆን ለባሌ አደርገው ነበር» አለች። «አሁን ግን ሲመጣ በእኔ ፊት ንገሪው።»

ኢስሐቅ መስገጃውን በብብቱ አድርጎ፣ ከሰዎች ጋር እየተሳሳቀ መጣ። እቴቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ሐጀራ ቆማ ነገረችው። ለእቴቴ እንደነገረቻት አልረዘመም፤ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው የወጣት። እሱ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ እግሩን አየ፣ የጥቁር አዝሙዱን ጣሳ አየ፣ እቴቴን አየ። ሐጀራ ቁጣ ጠበቀች፤ ቢመታትም ምንም አትል።

«ወላሂ ብያለሁ እኮ» አለ ኢስሐቅ። «ምንይሉ ፊት ወላሂ ብያለሁ እኮ፣ ሐጀራ።»

ሌላ ነገር አልተናገራትም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራትም። ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረውን ላስቲክ አውርዶ ኪኒኑን በገዛ እጁ መዋጥ ጀመረ። ከሐጀራ እጅ ውኃ እንኳ አይቀበልም ነበር፤ ራሱ ይቀዳል። ወደ መደቡ አልተመለሰም። ከቤት የሚወጣው ወደ ጋሽ ምንይሉ ቤት ለመሄድ ነው፤ መንገድ ላይ ደጋግሞ እየቆመ ይሄዳል፣ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጣል፣ ይመለሳል። ምን ያወራላቸው እንደሆነ እቴቴ ስትጠየቅ «ምንም፤ ሁለቱም ዝም ነው» ትላለች።

ሐጀራ አንድ ነገር ተስፋ አድርጋ ነበር፤ አሁን በድብቅ ሳይሆን ሐኪሟ እንዳለችው በግልጽ ስለሚወስደው ይበረታል ብላ። ክረምቱ ሳይወጣ እብጠቱ ተመለሰ። በሰዓቱ መዋጡን፣ አለመዋጡን ማየት አትችልም፤ መጠየቅም አትችልም፤ የመጠየቅ መብቷን ማሩ ውስጥ አማስላዋለች። ረሂማ ይዛው ሄደች። ሐኪሟ መጠኑን ጨመረች፣ ሌላ ኪኒን ለወጠች። በመጨረሻ አስተኙት። ሐጀራ ኮሪደር ላይ ጠብቃ ሐኪሟን ያዘቻት።

«ያኔ በማር ስሰጠው የቀነስኩት ነገር ኖሮ ይሆን? እኔ ያበላሸሁት ነገር አለ?»

«ልባቸው ነው የደከመው፣ እናቴ። ኪኒኑን በትክክል የሚወስዱ ሰዎችም እዚህ ይደርሳሉ።»

ይህም ወቀሳ አልነበረም፤ ነጻ መውጣትም አልነበረም። ሐጀራ የት እንደምታስቀምጠው አላወቀችም።

ኢስሐቅ አንድ ከሰዓት ኦክስጅኑን ከአፍንጫው ገለል አድርጎ ጠራት። ወራት አልፈው ነበር ስሟን ከጠራ። ጆሮዋን አስጠጋች።

«በማር ስታበይኝ ደህና ነበርኩ እኮ» አላት።

ይቅርታ ይሁን ወቀሳ፣ ወይ ዝም ብሎ ትዝታ፣ መለየት አልቻለችም። «ምን ማለትህ ነው?» ልትለው ፈልጋ ትንፋሹን ለመቆጠብ ተወችው። ቱቦውን መልሳ አስተካከለችለት። ሌላ ዕድል አልተሰጣትም። ኮልፌ ቀበሩት። እቴቴ ጋሽ ምንይሉን በተሽከርካሪ ወንበር አምጥታ ድንኳኑ ደጃፍ አቆመቻቸው፤ በቀኝ እጃቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ «እ... እ...» ሲሉ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ሐጀራ አርባው ሳይሞላ ወደ መደቧ ተመለሰች፤ ሌላ ሥራ አታውቅም። ለሆድ፣ ለጉንፋን ትሸጣለች። ለልብ የሚመጣውን «ሐኪም ቤት ሂድ፣ የእኔ አያድንህም» ትለዋለች። ሰውየው ቅር ብሎት ያያታል፤ ከዚያ ማዶ ወዳለችው ሻጭ ይሻገራል። ሐጀራ ሲመዘንለት፣ ሲቋጠርለት፣ ይዞ ሲሄድ ታያለች። ተከትላ የምትሮጥበት ጊዜ ነበር፤ አሁን ትታዋለች።

ሰሞኑን አንዲት ልጅ መጣች፤ የቢሮ ሠራተኛ ትመስላለች፣ ጫማዋ ከፍ ያለ፣ ዓይኗ ያበጠ።

«ለአባቴ ነው፣ እትዬ። ለልቡ።»

«ሐኪም ቤት ውሰጂው፣ ልጄ። ይሄ አያድነውም።»

«እዚያው ነበርን። ዛሬ ወደ ቤት ይዛችሁት ሂዱ አሉን። ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም አሉን።»

ሐጀራ በርጩማውን አስጠጋችላት።

«እንደማያድነው አውቃለሁ» አለች ልጅቷ፣ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እያየች። «ግን ደጅ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው። ባዶ እጄን ልግባ?»

ከወፍጮው በኩል የበርበሬ ብናኝ መጣ፤ ሁለቱም አሳሉ። ሐጀራ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ከጦስኙ አንድ እፍኝ ዘግና በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። «ለሻይ ነው» አለች። «ስኳር እንዳታበዢበት። ሲጠጣ አጠገቡ ቁጭ በይ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ስትከፍት ሐጀራ እጇን ያዘቻት፤ ተይው አለቻት። ጥቅሉን ሰጥታት፣ መተላለፊያውን አቋርጣ በሰው መሃል እስክትሰወር ድረስ ቆማ አየቻት።